ንፋስ የማይመታው ቦታ

በሕግ የምኖረው መደርደሪያ አራት፣ ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። የማድረው ግን ጠባሴ፣ እናቴ ቤት ነው። በሁለቱ መካከል የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ አለ፤ መንግሥት የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አዋጁ ሲወጣ አልተወለድኩም፤ ምክንያቱን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ቤት ይፈርሳል፣ ሰው ይነሣል፣ የሰፈር ስም ይቀየራል፤ የሰው ፋይል የተቀመጠበት ዲስክ ግን አንዴ ከተሰቀለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ የአንድ ዜጋ አድራሻ ፋይሉ ያለበት ዲስክ የተሰቀለበት ቦታ ነው ተባለ። ደብረ ብርሃን ብርድ በነፃ ስለምታቀርብ የሰርቨር ቤት ተሠራላት። አራት መደርደሪያ፣ በየመደርደሪያው ሠላሳ ማስገቢያ። ማስገቢያዎቹ በሕግ «ቤት» ይባላሉ።

የእኔ ዲስክ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች እንኖርበታለን። አንድ ዲስክ ላይ የሚኖር ሰው ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ እድር ያቋቁማል፤ ይህን ያዘዘ አዋጅ የለም። የሠላሳ ዘጠኝ እድር ሁለት ድንኳን፣ ስድሳ ወንበር፣ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስትና አንድ ጥሩምባ ነፊ አለው። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ነርስ እትዬ የሺመቤት ናቸው።

እያንዳንዱ ዲስክ ያንኑ ፋይል የያዘ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ጥንድ አለው። የእኛው ጥንድ አምና ኅዳር ሞተ። እድሩ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኔ የመመረቂያ ፈተና ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። እትዬ የሺመቤት ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ሐዘን የማትደርሺው፣ ደህና ነሽ?» ይሉኛል። ምትክ እንዲላክልን ማመልከቻ ተጻፈ። ማመልከቻው ደርሷል የሚል መልስ መጣ። ሌላ ነገር አልመጣም።

ዘንድሮ ኅዳር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ለአራት መቶ አሥራ ሁለታችንም መልእክት ደረሰን። «የሚኖሩበት ዲስክ ታሟል። ዓርብ በአራት ሰዓት ባለሙያ ይመጣል። በትዕግሥት ይጠብቁ።»

ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ሰኞ ጠዋት አርባ ምንጭ፣ አንድ የሙዝ ማቀነባበሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ለመጀመር ፋይሌ አብሮኝ መድረስ አለበት፤ ፋይል የሚወጣው በመሸኛ ነው፤ ከታመመ ዲስክ ደግሞ መሸኛ አይሰጥም። ከሞተማ ነገሩ ሌላ ነው። ፋይሉ የጠፋ ሰው እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ እንደ አዲስ ማለት ከክትባት ካርድ ጀምሮ ነው። ካቻምና ዲስክ ሃያ አንድ ከነጥንዱ ሲሞት ከነዋሪዎቹ አንዱ የሃምሳ አራት ዓመት አናጢ ነበሩ። አሁን በዓመት አራት አራት ክፍል እያጠፉ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሰዋል። የኩፍኝ ክትባታቸውንም ጨርሰዋል።

ዓርብ በሦስት ሰዓት ተኩል ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው ሹፌር የለውም፤ ተሳፋሪው ግን ከድሮው አልተለወጠም። መስኮት ከፈትኩ። ከኋላዬ አንድ እጅ መጥቶ ዘጋው። ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስለ ልጇ ሠርግ እያወራችኝ፣ እኔንም መስኮቱንም ሳታይ ዘጋችው። ውጭው ስድስት ዲግሪ ነው፤ ውስጡ በአሥራ አራት ሰው ትንፋሽ መስታወቱ ላብ ያንጠባጥባል። ንፋስ ይመታል ይባላል። ማንን ሲመታ እንዳዩ ስንቱን ጠይቄአለሁ፤ ሁሉም የሚነግሩኝ ስለ አክስታቸው ነው።

የሰርቨር ቤቱ ረጅም የጡብ ሕንፃ ነው። በምሥራቅ በኩል የቤት በር የሚያህል የአየር መግቢያ አለው፤ የሸዋ ብርድ በዚያ ገብቶ ዲስኮቹን እንዲያቀዘቅዝ ተብሎ የተተወ ነው። ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ አንዲት የጥበቃ ክፍል አለች። ጥበቃው ጋሽ ዘውገ ሃያ ሦስት ዓመት እዚያው ናቸው። ሁለት ካፖርት ደርበው፣ በላዩ ጋቢ ጥለው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ የሺመቤት ቀድመውኝ ደርሰው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ዛሬስ ደረስሽ» አሉኝ። «ሲነካሽ ነው የምትመጪው።»

እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ባለሙያው ሱራፌል ይባላል። ሦስት ዞን ለብቻው ይዟል፤ የመልስ አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሻንጣ ይዟል፤ ሻንጣው ውስጥ አዲስ ዲስክና መቅጃ አለ። የእሱ ፋይል አዳማ ስለሆነ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በሩን ከፍቶ ገባ፤ ተከተልኩት። መነጽሬ ወዲያው በእንፋሎት ተሸፈነ። የአየር መግቢያው ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ባለ ነብር ሥዕል፣ አራት ድርብ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ሱራፌል።

«ብርድ ልብስ ነው» አሉ ጋሽ ዘውገ።

«ለምን?»

«ብርድ ነዋ።»

ሱራፌል መሣሪያው ላይ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹ ዲስኮች ከአርባ ዲግሪ በታች ናቸው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ግን ስልሳ አንድ ነው አለ። ምን ላይ ቢያስቀምጡት ነው እዚህ የደረሰው ብሎ ጠየቀ። 

ሥራውን አስረዳኝ። ዲስኩን ይነቅላል፣ ከመቅጃው ጋር ያገናኘዋል፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አዲሱ ላይ ይገለብጠዋል፣ አዲሱን ይሰቅላል። አንድ ነገር ብቻ መሳት የለበትም፦ የትኛውን እንደሚነቅል። እነዚህ ዲስኮች እየሠሩ ሳለ ከተነቀሉ አይመለሱም፤ ለመገልበጥ አንድ ዕድል ብቻ ይሰጣሉ፣ ያንንም ወዲያው ካገናኟቸው ነው። መቅጃው ደግሞ በቀን አንድ ዲስክ ብቻ ይገለብጣል። ቁጥሩ የተለጠፈው ዲስኩ ጀርባ ላይ ስለሆነ ሳይነቅሉ አይነበብም።

ድሮ ዲስኮቹ ላይ «እዚህ ነኝ» የሚል ብርቱካናማ መብራት ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሲሰጥ ይበራል። ነገር ግን ሰው በመስኮት እያየ «የእንትና ዲስክ በራ» ይባባል ጀመር፤ ለምርመራ ብቻ መብራታቸው ለበራ ዲስኮች ሦስት ጊዜ ድንኳን ተተከለ፤ ለአንዱ በሬ ታርዷል። መሥሪያ ቤቱ መብራቶቹን አስቆረጣቸው። የቀረው ሰው ፋይሉን ሲከፍት የምትርገበገበው ትንሿ አረንጓዴ መብራት ናት። እሷም መቶ ሃያው ላይ ቀኑን ሙሉ ትርገበገባለች።

«ስህተት ብትነቅልስ?» አልኩት።

«ሌላ እድር ያለቅሳል።»

መዝገቡን አየ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ መደርደሪያ አራት፣ ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት። እጁን ወደ አሥራ ሰባት ከመስደዱ በፊት ግን አንድ ቅጽ አወጣ። «ዲስኩ በመዝገብ በተጻፈበት ቦታ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ የጥበቃው ፊርማ ያስፈልገዋል። ጋሽ ዘውገ ቅጹን አነበቡ። አገላብጠው ጀርባውንም አዩ፤ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን መልሰው ሰጡት።

«ፊርማ የለኝም» አሉ።

«ደሞዝ ሲወስዱ ምን ያደርጋሉ ጋሼ?»

«አውራ ጣት።»

«አውራ ጣትዎን ይስጡኛ።»

«ቆስሏል።»

አውራ ጣታቸው ጤነኛ ነበር፤ ሁላችንም እያየነው ነው። እትዬ የሺመቤት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሚያናግሩበት ድምፅ «ዘውገ፣ ግፋ፤ ይውጣልህ» አሏቸው።

ወጣላቸው። ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የዲስክ አሥራ ሁለት እድር ሰብሳቢ መጥተው ዲስካቸው ከአየር መግቢያው ፊት ለፊት መሰቀሉን አዩ። እኛ ዘንድ አራሶች አሉ፣ አስም ያለበት አለ፣ እንዴት ንፋስ ላይ ትጥሉናላችሁ ብለው ለመኑ። በየዓመቱ ጳጉሜን አንድ ቀን ሰርቨሩ በሙሉ ይጠፋል። ያን ቀን ጋሽ ዘውገ አሥራ ሁለትን ነቅለው ወደ መሀል ወሰዱት፤ መሀል የነበረውን ሃያ ሰባትን ንፋሱ ጋ አመጡት። በሚቀጥለው ጳጉሜን የሃያ ሰባት እድር መጣ። ከዚያ የሃምሳ ሁለት። ስምንት ጳጉሜን ሙሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ መቀመጥ እንደማይፈልግ ሰው፣ ሁሉም ወደ መሀል ተገፋ። ጋሽ ዘውገ ጭቅጭቁ ሲመራቸው የአየር መግቢያውን በብርድ ልብስ ዘጉት።

«የእኛስ?» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ሦስት ጊዜ ተዛውሯል። አንዱን አንቺው ነሽ ያዘዝሽኝ።»

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መዝገቡስ ጋሼ?» አለ ሱራፌል።

«መዝገቡን አልነካሁም» አሉ ጋሽ ዘውገ፤ ሰነድ አስተካክሎ የማያውቅ ሰው ኩራት ድምፃቸው ውስጥ ነበር።

ሱራፌል ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሻንጣውን መዝጋት ጀመረ። ቦታው ያልታወቀ ዲስክ አይነቀልም፣ «ያልተገኘ» ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ አለ። ያልተገኘ ዲስክ ነዋሪ ምን እንደሚሆን ጠየቅኩት።

«ያልተገኘ ይሆናል» አለኝ።

ሻንጣውን በእግሬ ያዝኩት። አርባ ምንጭ በሃሳቤ ራቀች፤ በምትኳ የሕፃናት ክትባት ሰልፍ ታየኝ፤ ከፊቴ አናጢው። ስልኬን አውጥቼ ፋይሌን ከፈትኩ። ከመቶ ሃያ መብራት አንዱ በእኔ ምክንያት ተርገብግቧል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፤ አንድ ሰው በገበያ መሀል ዓይኑን ቢጠቅስ ማለት ነው። አራት መቶ ሰው እኩል ቢጠቅስስ? ፋይላችንን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብንከፍት፣ በአንድ ጊዜ ብንዘጋ፣ እንደገና ብንከፍት፣ ይህን ተከትላ የምትበራና የምትጠፋ አንዲት መብራት ትኖራለች። ለሱራፌል ነገርኩት። ሻንጣውን ለቀቀ።

«ጥሩ ነው» አለ። «አራት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዝ ማን አለ?»

እትዬ የሺመቤት ስልካቸውን እያወጡ ነበር። «ሽብሩን ጥሩልኝ» አሉ።

አቶ ሽብሩ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። በሌላ ጊዜ ጫማ ይጠግናሉ። ጥሩምባቸውን ታቅፈው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጡና ማን እንደሞተ ጠየቁ። ማንም አልሞተም ተባሉ። ማንም ካልሞተ አልነፋም፣ ሟርት ነው፣ አባቴም እንዲህ ያለ ሥራ አልሠሩም አሉ። ለሃያ ደቂቃ አልተበገሩም። እትዬ የሺመቤት በመጨረሻ የጥንዱ ዲስክ ሙት ዓመት በዚህ ሳምንት መሆኑን አስታወሷቸው፤ ገና አላወጣንለትም። አቶ ሽብሩ አሰቡ። ለሙት ዓመት ይነፋል አሉ።

ጥሩምባው መጀመሪያ ሰው ለመሰብሰብ ተነፋ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስድሳ ያህል ጎረቤቶቼ ግቢው ውስጥ ነበሩ። ብዙዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ሁለት ሴቶች እያለቀሱ ገብተው፣ ሩብ ሰዓት አልቅሰው፣ ከዚያ ማንን እንደሆነ ጠየቁ። የቀሩት በየቤታቸው በስልክ ያዳምጣሉ። ትእዛዙን አስረዳሁ፦ ጥሩምባው ሲነፋ ፋይላችሁን ክፈቱ፤ ሲያቆም ዝጉ። ሌላ ምንም አትንኩ።

እኔ መደርደሪያ አንድና ሁለትን፣ ሱራፌል ሦስትና አራትን ያዝን። ጥሩምባው ተነፋ። ቆመ። አብሮት የሚበራና የሚጠፋ መብራት የለም። ወጥቼ አየሁ። ፋይል ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶ ነው፤ ሕዝቡ ፎቶውን እያየ ነው። አንዱ ለአንዱ ያሳያል። ይሄ አንተ ነህ እንዴ ይባባላሉ። ከሁሉ የባሱት ሰብሳቢዋ ናቸው፤ እትዬ የሺመቤት ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ ይህን ፎቶ ያነሣኝ ሰው እጁ ይደርቃል እያሉ ነው።

«እትዬ፣ ይዝጉት» አልኳቸው።

«ስሞትም በዚህ ነው የሚያውቁኝ?»

«ዛሬ ካልዘጉት በምንም አያውቁዎትም።»

ዘጉት። ከዚያ ግቢውን በአዋላጅ ድምፅ ሥርዓት አስያዙት፤ ሁለተኛው ሙከራ ከወታደር ሰልፍ አይተናነስም። ጥሩምባ፣ ዝም። ጥሩምባ፣ ዝም። መደርደሪያዎቹን ከላይ ወደ ታች አየሁ። መብራቶቹ እንደ ልማዳቸው በየራሳቸው ይርገበገባሉ፤ ጥሩምባውን የሰማ አንድም የለም። ሱራፌልም በበኩሉ ራሱን ነቀነቀ። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ተለዋወጥን፤ እኔ ሦስትና አራትን፣ እሱ አንድና ሁለትን። እንደገና ተነፋ። እንደገና ምንም። ሞቷል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ማሰቤ ራሱ ገረመኝ፤ ፋይሌ ግን እጄ ላይ ተከፍቶ ፎቶዬ ያየኛል።

ሦስተኛው ጥሩምባ መሀል ላይ ተቋረጠ። አቶ ሽብሩ ንፋሱን ሽሽት ከጥበቃ ክፍሏ መስኮት ሥር ቆመው ነበር የሚነፉት። የማይሰማ ድምፅ የላቸውም፤ ሁላችንም ሰማናቸው።

«ዘውገ» አሉ፣ «አልጋህ ሥር የሚጠቅሰኝ ምንድን ነው?»

 ከጋሽ ዘውገ ቀድሜ ክፍሉ ገባሁ። ከአልጋው ሥር፣ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው አጠገብ፣ አንድ እንደ ጨቅላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጋቢው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሹራብ፣ ሹራቡ ውስጥ ዲስክ። በጨርቁ ስስ በኩል አረንጓዴ መብራት ታየኛለች። ከጀርባው የሚወጣው ጥቁር ሽቦ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ መደርደሪያ አራት ላይ አንድ ባዶ ማስገቢያ ውስጥ ይገባል። ሽቦውን ከሰርቨር ቤቱ በኩል አይቼው ነበር፤ የጥበቃው አምፖል መስሎኝ ነው። መቶ ሃያ ዲስክ ይባላል፤ መደርደሪያዎቹ ላይ የነበሩት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ለመቁጠር ያሰበ አልነበረም።

እትዬ የሺመቤት እጃቸውን አነሡ። አቶ ሽብሩ ነፉ፤ መብራቷ ነደደች። አቆሙ፤ ደበዘዘች።

«እሱ አይደለም» አሉ ጋሽ ዘውገ። «ያ የራሴ ነው። አርባ አራት ነው።»

ሦስት ጳጉሜን ሆኖታል። የሰውን ሁሉ ከንፋስ ካሸሸሁ የራሴን ምን አደርገዋለሁ ብለው፣ ቦታውን በልባቸው ስለያዙት ጀርባውን ሳያዩ አርባ አራትን ነቅለው ቤታቸው አስገቡት። ብቻውን የሚኖር ሰው ከራሱ ጋር ቢያድር ምን ነውር አለው? ዲስክ ከሰርቨር ቤት ማውጣት እስር እንዳለው ስለሚያውቁ ለማንም አልተናገሩም። ሱራፌል መቅጃውን አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ነቅሎ ጀርባውን አዞረው። ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ወዲያው አገናኘው።

ጋሽ ዘውገ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «የኔስ የት ነው?»

ሱራፌል መሣሪያውን አየላቸው። አርባ አራት ከቤቱ ዲስኮች ሁሉ ቀዝቃዛው ነው፤ በስምንት ዓመት አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ይህን ያህል የሚቀዘቅዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአየር መግቢያው አፍ ላይ፣ የብርድ ልብሱ ዳር በሚያስገባው ንፋስ።

«ንፋስ ላይ» አሉ ጋሽ ዘውገ በቀስታ። «ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«ጤነኛው እሱ ነው ጋሼ።»

«አይታወቅም። ቆይቶ ነው የሚያመው።»

ለመከራከር ጊዜ አልነበረም። መቅጃው ጀምሯል፣ ዲስኩ ግን ስልሳ አራት ዲግሪ ደርሷል። ሱራፌል አሁኑኑ ካልቀዘቀዘ አርባ ደቂቃ አይቆይም አለ። የክፍሉን መስኮት ከፍቼ ዲስኩን ከነመቅጃው ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። የኅዳር ንፋስ በቀጥታ ይመታዋል። ውጭ የነበረው ሕዝብ አጉረመረመ። እትዬ የሺመቤት በመስኮቱ ማዶ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«የታመመ ሰው ንፋስ ላይ ታስቀምጫለሽ?»

«ሰው አይደለም እትዬ። ዕቃ ነው።»

«አንቺ አለሽበት፣ እኔ አለሁበት። ዝጊው።»

«ከዘጋሁት እንሞታለን።»

«ካልዘጋሽውም ይመታናል።»

አርባ ዓመት ሴት ሲያዋልዱ ስንት ክፍል ውስጥ ስንት መስኮት እንዳዘጉ ታየኝ። እሳቸውም እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ተከናነቡ» አሉ።

ስድሳ ሰው ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ፎጣውን፣ ያገኘውን ሁሉ ተከናነበ። በስልክ የሚያዳምጡትም ታዘዙ። ዲስኩ ራቁቱን ንፋስ ላይ ስላለ ነዋሪዎቹ በምትኩ ተሸፋፈኑ። የሕክምናውን ምክንያት ማንም አልጠየቀም። አርባ ደቂቃ እንደዚያ ቆሙ።

መቅጃው የሚገለብጠውን ስም በሀሁ ተራ ያሳያል። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ «ማስተዋል እሸቴ» አለና አለፈኝ። መሄድ እችል ነበር፤ መሸኛዬ ስላልተፈረመ ቆየሁ። ሃያ ምናምነኛው ላይ ሙቀቱ ወደ ሃምሳ ወረደ። አቶ ሽብሩ በ«ሽ» ሲያልፉ ጥሩምባቸውን በአጭሩ ነፉ፤ ሰዎች ሳቁ። ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ዲስኩ አንድ ጊዜ ተንቋቋ፣ መብራቷ ጠፋች። ሱራፌል የመጨረሻው ፋይል አልፏል አለ። ሁሉንም መረመረ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ደህና ነው፤ የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የእትዬ የሺመቤት ፎቶ።

«እግዜር ይስጠው» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ለሞተው ዲስክ። ከዚያ ፀጉራቸውን ሊያሠሩ ሄዱ።

የቀረው ወረቀት ነበር። ሱራፌል አዲሱን ዲስክ ሽቦው በገባበት ባዶ ማስገቢያ ሰቀለ። ዲስኩ የተገኘበትን ቦታ ደግሞ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ እንዳየው ሞላው፦ «የጥበቃ ክፍል፣ አልጋ ሥር»። የምዝገባ ሥርዓቱ ተቀበለው። የአዲሱ ቦታ ምዝገባ በሠላሳ ቀን ይጸድቃል አለና ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። እሱ ከግቢው ሳይወጣ የሁላችንም ስልክ እኩል ጮኸ። የጥበቃ ክፍል በሕግ መኖሪያ ቤት ነው። መኖሪያ ቤት አባወራ አለው። «የቤት አባወራዎ፦ አቶ ዘውገ» ይላል መልእክቱ። «ከቤት ለመልቀቅ የአባወራ ፊርማ ያስፈልጋል።»

አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ዓመት።

ጋሽ ዘውገ ማሞቂያቸውን እያጠፉ ነበር። መሸኛውን ከፊታቸው ዘረጋሁት።

«አልፈርምም» አሉ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ።»

«ፊርማ ያሳስራል።»

«አልጋ ሥር ዲስክ ማስቀመጥስ?»

ይህን አሰቡበት። ሱራፌል ሪፖርቱ ላይ ማን እንዳስቀመጠው አልጻፈም፤ ያንን ያውቃሉ፤ እኔም ማወቄን ያውቃሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«አርባ ምንጭ።»

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«ታውቃለች።»

«አርባ ምንጭ ምን አለ?»

«ሙዝ።»

«እዚያ ዲስኩን የት ነው የሚሰቅሉት?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ሳታውቂ ትሄጃለሽ ብለው አዩኝ፤ እናቴ እንኳ እንዲያ አላየችኝም። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁ። ፊርማቸው ሙሉ ስማቸው ነበር፣ ከነአያታቸው፣ አንድ ፊደል ሳይዘሉ። ፈርመው አልጨረሱም፤ «የአባወራ አስተያየት» የሚለውን መስመር አገኙና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጻፉ። አጥፈው፣ አሽገው ሰጡኝ። ቸኩዬ ስለነበር አላየሁትም። ስወጣ ሱራፌል ያወረዳቸውን ብርድ ልብሶች ወደ አየር መግቢያው መልሰው ሲሸከሙ አየኋቸው፤ መጀመሪያ የሸፈኑት አርባ አራት ያለበትን በኩል ነው።

ሰኞ በሦስት ሰዓት አርባ ምንጭ የሰርቨር ቤት ምዝገባ ክፍል ተቀምጫለሁ። ሠላሳ አራት ዲግሪ ነው። ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። ያለኝ በጎ ነገር ከጀርባዬ የተከፈተው መስኮት ብቻ ነው፤ ከሐይቁ በኩል ትንሽ ንፋስ ያስገባል። ጸሐፊው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀልጣፋ የሚመስል ሰው ነው። መሸኛውን ከፍቶ ስሜን፣ ቁጥሬን፣ ማኅተሙን አየ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«‹ንፋስ አይመታት› ይላል» አለኝ።

ምን እንደምል ሳስብ ተነሣ፤ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ከጀርባዬ ያለውን መስኮት ዘጋው።